ዳቦ ለአያ ጅቦ

«አንድ ሸማኔ ነበረ» አሉ አለቃ ይትባረክ፣ ጥያቄው ደስ እንዳላሰኛቸው ፊታቸው እያስታወቀ።

የጠየቀቻቸው የእህታቸው ልጅ ትርሲት ናት። የድሮ ተረቶችን ለልጆች እንደ አዲስ እየጻፈች ነው። «ጋሼ፣ እነዚህ ተረቶች እኮ ጨለማ ናቸው። ጅብ እናት ይበላል፣ እንጀራ እናት ልጅ ጫካ ትጥላለች። ለሕፃን ይከብዳል እያሉኝ ነው። ጨለማውን አውጥቼ ልጻፋቸው ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው?» ብላ ነበር። እሳቸውም አውጪም ተይም ሳይሉ ሸማኔውን አመጡ።

ሸማኔው ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። ሚስቱ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፣ ልጅቱ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰች የክር ልቃቂት ታቀብላለች። ቤታቸው መንደሩ ዳር ላይ ነው። ከጓሯቸው አጥር ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ ሥር የጅብ ጉድጓድ አለ።

ይህ ሰው የሞተች እናቱን መናፈቅ የማይተወው ሰው ነበር። እናቱ ተረት አዋቂ ነበረች። ሲመሽ እሳቱ ዳር ትቀመጥና «እግርህን አምጣ» ትለዋለች። ብርድ የበላውን እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር የምትነግረው። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ተረት ደግሞ ይህ ነበር።

«እንጨት ልትለቅም የወጣች እናት ነበረች። አያ ጅቦ በላት። ነጠላዋን ለበሰ፣ መቀነቷን ታጠቀ፣ መጥቶም በሯን አንኳኳ። ‹ልጄ ክፈችልኝ› አለ። ልጅቱ በቀዳዳ አየች። መቀነቱ የእናቷ ነው። ነገር ግን እናቷ በግራ ነበር የምትቋጥረው፣ ይሄ በቀኝ ተቋጥሯል። አልከፈተችለትም። ሲነጋጋ ሰልችቶት ሲሄድ አጥሩ መቀነቱን ይዞ አስቀረበት። ልጅቱ አለቀሰች፣ አለቀሰች፤ ከዚያ መቀነቱን አንስታ በገዛ ወገቧ ታጠቀች፣ እሳቷንም አነደደች። እናቷ አልተመለሰችም። እሳቷ ግን አልጠፋም።»

«አያ ጅቦ በላት» የሚለው ላይ ስትደርስ እናቱ እግሩን ጠበቅ ታደርገው ነበር። እሱም ሁሌ እዚያው ላይ ያለቅሳል። ሲያልቅ «በል እንግዲህ ተረቴን መልስ» ትለዋለች፤ እንባውን እየጠረገ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራታል። በዚያ አገር ተረት የሰማ ልጅ ተረቱን ሳይመልስ አይተኛም ነበር። ደግ ጊዜ ነበር፣ ምን ያደርጋል!

ሸማኔው ወልዶ በተራው ተረት ነጋሪ ሲሆን የዚያን ጊዜ እንባውን አስታወሰ። እግሩን የያዙትን እጆች ግን ረሳ። «እኔ ልጄን አላስለቅስም» አለ። ስለዚህ ተረቱን ለወጠው። በእሱ ተረት ጅቡ እናትየውን ሳያኝክ ዋጣት። ልጅቱ ዳቦ ይዛለት ሄደች፣ «አያ ጅቦ፣ እናቴን መልስልኝ» አለችው። ጅቡ ዳቦውን በልቶ ሲጠግብ ደስ አለውና አፉን ከፈተ፤ እናትየዋ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። ከዚያ ሦስቱም አብረው እራት በሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል፤ በሸማኔው ቤት ግን ሳይጠይቅ ይነጠፍለት ነበር።

ሚስቱ እንዝርቷን እያሾረች ትስቅበታለች። «አንተ ሰው፣ ጅቡን እንዲህ አታሞላቅቀው። የጓሮው እንዳይሰማህ!»

ልጅቱ እየሳቀች ትተኛለች። ተረት መመለሱም ቀረ። ሳቋን ይዛ የተኛችን ልጅ ማን ጨክኖ ይቀሰቅሳል?

በክረምት ሚስቱ ታመመች፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ልጅቱን ጎረቤቶች ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ስትመለስ «እናቴስ?» ብላ ጠየቀች። ሸማኔው ፊቱን አዞረ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች «ሄደች የኔ ቆንጆ፣ ሄደች» አሏት። ልጅቱ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ ናት» አለ፤ ሸማኔውም እውነት መስሎት ተጽናና።

የተዝካሩ ዕለት ድፎ ዳቦ ተጋገረ። ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ተበተነ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሸማኔው ሐሳቡን ለማባረር ሥራው ላይ ተቀመጠ። ክሩ ሲያልቅበት እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። ልቃቂት የሚያቀብለው የለም። ልጁን ቢጣራ አልመጣችም። ተነሥቶ ጓዳውን አየ፤ ለነገ ተብሎ የተቀመጠው ዳቦ ከነመሸፈኛው የለም።

ያን ጊዜ ገባው።

አጥሩን ዘሎ ቁልቁለቱን እየተንከባለለ ወረደ። ልጅቱ ከጉድጓዱ አፍ ፊት ለፊት እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ዳቦውን ቆርሳ በመሸፈኛው ላይ ደርድራለታለች። ለትልቅ ሰው እንደሚነገር ድምፅዋን አለስልሳ፣ «አያ ጅቦ፣ ዳቦ አምጥቻለሁ። እናቴን መልስልኝ» ትላለች። ከውስጥ ድንጋይ ተንኳኳ፤ አንዳች ነገር አጉረመረመ።

ሸማኔው ልጁን በአንድ እጁ ጠልፎ ሽቅብ ሮጠ። ትራገጣለች፣ ክንዱን ትነክሰዋለች። «ልቀቀኝ! ገና አልበላም! ሳይጠግብ አይመልሳትም!»

አጥሩን አልፈው የጓሮውን በር መዝጊያ ሲያጋድም ጅቡ ወጣ። ከላይ ሆነው አዩት። ዳቦውን ከነጨርቁ ጎተተ፣ በላ፣ መሬቱን ላሰ። ልጅቱ መንከሷን ትታ፣ እስትንፋሷን ውጣ ጠበቀች። «አሁን አፉን ይከፍታል» አለች በሹክሹክታ።

ጅቡ አንዴ ወደ እነሱ ቀና ብሎ አየና ዞሮ እያነከሰ ሄደ።

ልጅቱ አባቷን አየችው። እንደዚያ ዓይነት ዓይን አይቶ አያውቅም። ሸማኔው እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጠ። እናቱ ትዝ አለችው፤ ከነድምፅዋ፣ ከነእጆቿ።

«እግርሽን አምጪ» አላት።

ጭቃ የነካውን እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘ። ተረቱንም እናቱ እንደነገረችው ነገራት። «አያ ጅቦ በላት» የሚለው ላይ ሲደርስ እግሯን ጠበቅ አደረገ። ልጅቱም እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ከተዝካሩ የተመለሱ ጎረቤቶች ድምፅዋን ሰምተው መጡ፤ ሲያዩአቸው ግን ሳይጠጉ ቆሙ።

ተረቱ ሲያልቅ «በይ ተረቴን መልሽ» አላት፣ እሱም እያለቀሰ።

ጀመረች። እንጨት ልትለቅም የወጣች እናት ነበረች አለች። የአባቷን እግር አየች፤ ሽመናው ያሻከረውን፣ እሾህ ያደማውን። ጎትታ ጭኗ ላይ አደረገችውና በትንንሽ እጆቿ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«አያ ጅቦ በላት» አለች።

አለቃ ይትባረክ እዚህ ሲደርሱ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ሸማኔው አንቺ ነሽ፤ ደግነትሽ አይጠፋኝም። ያቺ ልጅ መጽሐፍሽን የሚከፍቱት ልጆች ናቸው። ጨለማውን ላውጣው አልሽኝ፤ ከመጽሐፉ ብታወጪው ከጓሯቸው ማን ያወጣላቸዋል? ቀን ሲከፋ ዳቦ ይዘው የሚሄዱት አንቺ ወዳሳየሻቸው ጅብ ነው። እንግዲህ ጅቡን ጅብ አድርገሽ ጻፊው። እናትየውን ይብላት። ግን እዚያ ላይ ስትደርሺ እግራቸውን ያዢላቸው። ሳይይዙ ማስፈራራትማ የጅቡ ሥራ ነው።»

«በወረቀት እግር እንዴት ይያዛል ጋሼ?»

«እናትሽ እንዴት ነበር የምትነግርሽ?»

የትርሲት እናት ካረፈች ዓመት አልሞላም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ፀጉሬን እየሠራች» አለች። «የሚያስፈራው ላይ ስትደርስ ሹሩባውን ትታ ራሴን በሁለት እጇ ትይዘው ነበር።»

የእህታቸው ነገር ነውና አለቃም ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«ታዲያ ታውቂው የለም እንዴ» አሉ። «በይ ተረቴን መልሽ።»