ቢላዋ የማይነካት እንሰት

አንድ እንሰት ተካይ ነበረ። እሱም ሚስቱም ልጆቹም የሚበሉት ከጓሮው የሚወጣውን ቆጮ ነው፤ ሌላ የላቸውም። አንድ ዓመት አጠውልግ የሚሉት በሽታ ጓሮው ገባ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱም ከውስጥ በሰበሰ። የጎረቤቶቹም ጓሮ እንደዚያው ሆነ።

ጤነኛ ሆና የቀረችው አንዲት ለጋ እንሰት ብቻ ናት። እሷን ደግሞ አባቱ የሞተ ጊዜ ለመታሰቢያ ደጃፉ ላይ ተክሏታል። በዚያ አገር ደንብ የሟች እንሰት ቢላዋ አይነካትም። አርጅታ፣ አብባ፣ በቁሟ በስብሳ ትወድቃለች እንጂ።

ሰውየው ቢላዋውን ሳለ። በሽታ እንዳያስተላልፍም እሳት ላይ አሳለፈው። ይህን ሁሉ ያደረገው በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ እያየው ነው። የመንደሩ ሽማግሌ እየተጣደፉ መጡ።

«አባትህን ልታርድ ነው እንዴ?»

«አባቴ በሕይወት ሳለ ልጆቼ ጦማቸውን ሲያድሩ ዝም ብሎ ያይ ነበር?»

«ኧረ እሱስ አያይም።»

«እንግዲያው ከሞተ በኋላ ጨካኝ አታድርጉት።»

ሽማግሌው ግን ቀላል ሰው አይደሉም። «እሺ፣ ዛሬ አንተ ቆረጥህ። ነገ ጉልበተኛው ተነስቶ የባልቴቷን ቢቆርጥስ?»

«እጁን ቀድሜ የምይዘው እኔ ነኝ። የባልቴቷ እንሰት የምትነካው ባልቴቷ ስትፈቅድ ነው። ይቺ የኔ ናት፤ ወንድሞቼንም ጠይቄ ፈቅደዋል። ሌባ ይመጣል ተብሎ የኔ ልጆች አይራቡም።»

ይህን ብሎ ቆረጣት። ከሥሯ መሐል ልቧን ፍቆ አወጣ፣ የተፋቀውን ቦታ በፍግና በአፈር ሞላው፣ ሥሩንም በሽታው ያልደረሰበት መሬት ወስዶ ቀበረው። ሰው ሰላምታ ነሳው። እሱ ግን ገብስ እየተበደረ ልጆቹን እያበላ ጠበቀ። ዝናቡ ሲመጣ ከዚያች ከአንዲቱ ሥር ዙሪያዋን ቡቃያ ፈላ፤ ለጓሮው ተርፎ ለመንደሩ የሚበቃ።

ሽማግሌውም አንድ ቀን መጡ።

«የአባቴን ሥጋ ሊወስዱ ነው?» አላቸው።

«አፍህን ዝጋና ችግኙን ስጠኝ።»

እየሳቀ ሰጣቸው።

ጋሽ ደግፌ፣ ይህን ያወራሁልህ ትናንት ለጠየቅኸኝ ነገር ነው። ልጅህ ብርነሽ ደሟ ታሟል። ሚስትህ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል። ሐኪሙ ከሚወለደው ሕፃን እትብት ላይ ደም እንውሰድ አለህ፤ እናትህ ደግሞ የአባቶቻችን ወግ ነው፣ እትብት ሳይነካ ደጃፍ ሥር ይቀበራል አሉ። አንተም መሐል ቆመህ፣ ኃጢአት ይሆን ወይ አልኸኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አንብቤ የገባኝን ልንገርህ። በእትብት ደም ውስጥ ስቴም ሴል የሚባል አለ። እንደዚያች ሥር ነው፤ ቦታ ካገኘ አዲስ ደም ያበቅላል፣ ቀዩንም ነጩንም። ደሙ የሚወሰደው እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ስለሆነ ሕፃኑም እናቲቱም አይጎዱም። ከብርነሽ ጋር ከተስማማ ሊያድናት ይችላል። ላይስማማም ይችላል፤ ሐኪሙም አልማለልህም፣ እኔም አልምልልህም።

ገና ከጽንስ ስለሚወሰደው ስቴም ሴል ከጠየቅኸኝ፣ እሱ የባልቴቷ እንሰት ነው። ማን ፈቀደ፣ ማንስ ይጎዳል ተብሎ ይጠየቅ፤ ሰው ይከራከርበት፣ እኔም እከራከራለሁ። ያ ክርክር ግን የብርነሽን በር አይዘጋም። የናንተ እንሰት ደጃፋችሁ ላይ ናት፤ እናቲቱም አንተም ከፈቀዳችሁ ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም።

እናትህ ዘንድ ግባና እንዲህ በላቸው፦ ደሙ ይወሰዳል፤ እትብቱንም እንደ ወጉ ደጃፍ ሥር እንቀብራለን። ብርነሽን ግን አብረን አንቀብራትም።