በዳገቱ መካከል የቀረ ቤት

ሁሉን ያሸነፈ ሰው የሚሸነፈው በምንድን ነው? መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። ደሴ ውስጥ ግን መሬት የሚገዛ ሰው ሲስገበገብ ሽማግሌዎች የሚሉት አንድ ምሳሌ አለ። ከባሕር ማዶ ተምሬ ስመለስ አጎቴ መነሻውን ነገረኝ፤ በመጀመሪያ አላመንኩትም። እኔ በተማርኩት ሰንጠረዥ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ተሳድዶ ይገደላል። በአገራችን በጥንቱ ሰንጠረዥ ግን ይህ ነውር ነው። ንጉሡ አንድ አጃቢ እንኳ ካልቀረው አይገደልም፤ ጨዋታው ይፈርሳል፣ አሸናፊም የለም።

ባላምባራስ ይርዳው በሰንጠረዥ የሚረታቸው ያልተገኘ ሰው ነበሩ። ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ ለሲራራ ነጋዴዎች ትልቅ ማደሪያ ሊሠሩ አሰቡ፤ ለዚህም የቆላ መሬታቸውንና የሚስታቸውን በቅሎዎች ሸጡ። የዳገቱ እምብርት ግን የእመት ትርንጎ ግቢ ነበር። ጭነት የያዘ ከብት ሊገባ የሚችለው በዚያ ብቻ ነው። እመት ትርንጎ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። በስተግራ ወንድማቸው እሱባለው፣ በስተቀኝ የነፍስ አባታቸው፣ ከበላይ ደግሞ አብሮ አደጋቸው ወይዘሮ ድንቄ ይኖሩ ነበር።

ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወድቅ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደፈለጉ ይገሰግሳሉ፤ ወረራ ይሉታል። ባላምባራስም እንዲሁ አደረጉ። ወሬው ከእመት ትርንጎ ጆሮ ሳይደርስ፣ እሱባለውን ለግቢው ጥሩ ዋጋ ሰጥተው ወደ ኮምቦልቻ ሸኙት። ቀጥለው ወይዘሮ ድንቄን ግቢያቸውን ሸጠውላቸው ወልድያ ወዳለችው ልጃቸው እንዲሄዱ አግባቧቸው።

በዚያው ሰሞን ከዘወትር የሰንጠረዥ ባልንጀራቸው ከአለቃ ተገኝ ጋር ለጨዋታ ተቀምጠው ሳለ ነገሩን እየሳቁ አወሩ። አለቃ የያዙትን ፈረስ መልሰው አስቀመጡ።

“ቄሱን እንኳ ይተዉላቸው።”

“እርስዎ ደግሞ ሊሸነፉ ሲቃረቡ ምክር ይጀምርዎታል።”

“ስለ እኔ ንጉሥ አይደለም የምናገረው፣ ባላምባራስ።”

“ዙሪያዋን ካጠርኩባት የት ትሄዳለች? ራሷ መጥታ ትለምነኛለች።”

ብዙም ሳይቆይ በባላምባራስ በኩል ለቄሱም ሌላ ደብር ተገኘላቸውና ግቢያቸውን ሸጠው ሄዱ። የሦስቱም ቤት ፈረሰ። በፍርስራሹ መካከል የእመት ትርንጎ ቤት ብቻዋን ቆመች።

ባላምባራስ ደላላ ላኩ፤ በሩ አልተከፈተም። ከገበያ ሽማግሌዎች ለምነው ላኩ፤ እመት ትርንጎ በአክብሮት ተቀብለው፣ አብልተው፣ እንዳመጣጣቸው ሸኟቸው። ሽማግሌ ሲላክ እንቢ የማይባል ሰው አብሮ መምጣት አለበት፤ የነፍስ አባት፣ ወንድም፣ አብሮ አደግ። እነዚያ ደግሞ የሉም። በመጨረሻ ባላምባራስ ራሳቸው መጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ።

“እመት ትርንጎ፣ ከእንግዲህ እዚህ ምን ቀረዎትና ነው የሚቀመጡት?”

“ምንም።”

“እንግዲያው ይሽጡልኛ። የጠየቁትን እሰጣለሁ።”

“እሱባለው እዚህ ቢሆን፣ ሸጬልዎት ከሱ ጓሮ እጠጋ ነበር። አባ ‘ልጄ፣ እሺ በይ’ ቢሉኝ አፌን አልከፍትም ነበር። ድንቄም ብትኖር ለብቻሽ ምን ታደርጊያለሽ ብላ በነጋ በጠባ ትነዘንዘኝ ነበር።” እመት ትርንጎ የፈረሰውን የወንድማቸውን ግድግዳ አዩ። “አሁን ከዚህ ብወጣ የማን ደጅ እሄዳለሁ? የሚያስፈራኝም የማፍረውም ሰው አልተዉልኝም። እዚሁ እሞታለሁ።”

ክረምቱ ገባ። ለማደሪያው የተቆረጠው ጥድ ዝናብ ውስጥ ተቆልሎ ጠቆረ፤ ባላምባራስ የሚሸጡት ሌላ መሬት አልነበራቸውም። ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ለእሱባለው መልእክተኛ ሰደዱ፤ “ግቢህን በነጻ እመልስልሃለሁ፣ ና ከእህትህ አስታርቀኝ” ብለው። መልእክተኛው ቃሉን አድርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እሱባለውም አልመጣ፣ ቃልም አልላከ። ባላምባራስ መስቀል እስኪደርስ መንገድ መንገዱን እያዩ ከረሙ።

አንድ ቀን ሰንጠረዡ ተዘርግቶ ሳይነካ ሲውል፣ ባላምባራስ የሚልኩት ሌላ ሰው እንዲጠቁሟቸው አለቃ ተገኝን ለመኑ። አለቃ ወደ ዳገቱ ተመለከቱና፣ “አጃቢውን የፈጀ ንጉሡን አይማርክም” አሉ።