በሞተሩ ቦታ የተቀመጠው ድንጋይ

«ጎታች ያልኩት መርከቧን ነው፣ እትዬ ዘርትሁን! ባለቤትዎን ጋሽ መርሻን አይደለም። ኧረ ይቀመጡ!»

ይኸው፣ ገና ለስብከት አፌን ከመክፈቴ ጎረቤት አስቀየምኩ። ጋሽ መርሻ ዓይናቸው ደክሞ የጅቡቲ መስመር መኪናቸውን ካቆሙ ወዲህ፣ ከቤት ወጥተው ማኅበራችን ላይ ሲገኙ ዛሬ ገና ነው። ታዲያ በመጡበት ቀን «ጎታች» ብዬ ልሰድባቸው? ምን በወጣኝ!

ጎታች ማለት፣ ወገኖቼ፣ ትልልቆቹን መርከቦች በገመድ እየሳበች ወደብ የምታስገባ፣ ከወደብ የምታስወጣ ትንሽ መርከብ ናት። አጭር፣ ወፍራም፣ ዳሌዋ የሰፋ። እዚህ ከተቀመጥነው አንዳንዶቻችንን ትመስላለች፤ ስም አልጠራም።

አንድ ሰው ነበር። በጦርነቱ ዘመን ምጽዋ ላይ፣ የእንዲህ ያለች ጎታች ሞተረኛ ነበር። መድፍ የመታው መርከብ ሲቃጠል ሄዳ ጎትታ የምታወጣው እሷ ናት። ሰውየው ግን ባሕሩን አያይም። ሆዷ ውስጥ፣ ሞተሩ አጠገብ ነው። ከላይ ደወል ሲሰማ ጉልበት ይጨምራል፤ ደወል ሲሰማ ይቀንሳል። ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። እኛስ? ወዴት እንደምንሄድ እያወቅን ነው የምንሮጠው?

ጦርነቱ አለቀ። ሰውየው እዚህ እኛ ድሬዳዋ ገባ፤ አረጀ፤ እጁ ሥራ ፈታ። አንድ ጊዜ ልጁን ሊጠይቅ ጅቡቲ ወረደ። ከእሷ ጋር ወደቡን ይዞ ሲሄድ አንዲት የሸራ መርከብ አየ። ረጃጅም ምሰሶ፣ ነጭ ሸራ። ከላይ ሲያያት አያውቃትም። ከታች ሲያያት ያውቃታል። ያ ዳሌ!

«ይቺ የኔ ጎታች ናት!» አለ።

«አባዬ፣ ፀሐዩ ነው፤ ጥላ እንያዝ» አለችው ልጁ።

የመርከቧ ካፒቴን አማርኛ የሚችል ሽማግሌ ነው። ሰማቸው። «እውነቱን ነው» አላት። «ዝጋ ተጥላ ነበር። ቆራርጠው ለብረት ሊሸጧት ሲሉ እኔ ወሰድኳት። ሞተሩ ሞቶ ነበር፤ አወጣሁትና ሸራ ሰቀልኩባት። ና፣ አንተ ሰው፣ ግባ።»

ገባ። ከወደቡ ራቅ እንዳሉ ድንገት ብድግ አለ። «ቆማለች! መርከቧ ቆማለች!»

ለምን እንዲህ አለ? ድምፅ የለማ! ለሞተረኛ ዝምታ ሞት ነው። ሊያስነሳት እየተንደረደረ ወደ ሆዷ ወረደ። በሞተሩ ቦታ ምን አገኘ? ድንጋይ። እንደ ካብ የተደረደረ ጥቁር ድንጋይ።

እንደተቆጣ ወጣ። «ሞተሬን አውጥተህ ድንጋይ? መርከብ ናት ወይስ የቤት መሠረት?»

ካፒቴኑ በአገጩ ወደ ኋላ አሳየው። ከተማው ርቆ ርቆ ጣት አክሏል። «ማነው የቆመው?» አለው።

ሰውየው ግራ ገባው። እሷ የምትጎትተው የለም፤ እሷን የሚጎትት ገመድም አይታይም። ግን ትሄዳለች። ምን አሉ፣ እትዬ ዘርትሁን? «ተሳቢ ሆነች በለና» ነው ያሉት? እንዳሉት ይሁን፤ የሾፌር ሚስት አይደሉ!

በዚህ መሃል ነፋሱ በረታ። መርከቧ ወደ ጎን ጋደል አለች፤ ጋደል፣ ጋደል፤ ሰውየው ገመድ ጨብጦ የማያውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመረ። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ማን መለሳት?» አለ።

«ድንጋዩ። ሞተሩ ሲወጣ ቀለለች። ቀላል መርከብ ላይ ሸራ ቢሰቅሉ ትገለበጣለች።»

ሰውየው ዞረ። ባሕሩን አየ፤ ያን ሁሉ ዘመን የኖረበትን ባሕር። ከዚያ ሲፈራው የቆየውን ጠየቀ። «ሞተር በሌለበት፣ እኔ ለምን እሆናለሁ?»

«እነዚህ ወጣቶች ነፋስ ሲመጣ ይሯሯጡብኛል» አለ ካፒቴኑ። «የሚከብድ ሰው ነው የቸገረኝ። ነገ ና።»

ወገኖቼ፣ ሞተራችሁ የወጣ አላችሁ? ጉልበት የሄደባችሁ፣ ሥራ የቀረባችሁ፣ ዓይን የደከመባችሁ? ቤቱ ጸጥ ሲል «ቆምኩ፣ አለቀልኝ» ያላችሁ አላችሁ? እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ሲያነሣ ቦታውን ባዶ ይተወዋል? «ከባድ ሰው ነው» ስንልስ ኪሎውን ነው እንዴ? ቤታችሁን ነፋስ ሲመታው፣ ልጆቻችሁ ዞር ብለው የሚያዩት ማንን ነው?

ሁሉ ገብቶኛል አልላችሁም። እኔም መሃል ላይ ግራ ይገባኛል። ይህቺን ግን አውቃለሁ፤ ሸራዋን ጠቅልላ ወደብ ላይ የታሰረች መርከብ፣ ድንጋይ የጫነች ብረት ናት። ውጡ። ሸራችሁን ስቀሉ።

«እስቲ ጋሽ መርሻ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኩ።

እትዬ ዘርትሁን ቀደሟቸው። «ድንጋዩማ ቤቴ አለ። ዓመት ሙሉ ሶፋው ላይ ነው።»

ጋሽ መርሻ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና በአገጫቸው ወደ እትዬ ዘርትሁን አሳዩ።

«ነፋሱም አላነሰን» አሉ።