በሁለት መዝገብ የተጻፈ ማሳ

ስሟን ልተወውና፣ በወንዝ ዳር የተቆረቆረች አንዲት የቆየች ከተማ ነበረች። የመስጊዷ ኢማም ሸህ ሙዘሚል ይባላሉ። ኢማም ይሁኑ እንጂ የሚበሉት እጃቸው ያረሰውን ነው። በመኸር ጊዜ የየገበሬውን ዘካ በቁና ሰፍረው ለሚስኪን የሚያደርሱትም እሳቸው ነበሩ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ከዳ። የዳገቱ ሰዎች ማሽላ ሳያፈራ ደረቀ። የወንዝ ዳሮቹ ግን በጋራ በገዙት ፓምፕ ውኃ ስበው የአቅማቸውን ያህል አስገቡ። መንግሥትም «ዝናብ ብቻ ጠብቆ ለዘራ» ገበሬ የድጎማ ብር ላከ። ብሩ የተቆረጠ ነውና ተመዝጋቢ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይሳሳል። የማሳው ዓይነት የሚጸድቀው ደግሞ በሸህ ሙዘሚል ፊርማ ነበር።

ፈተናው በራሳቸውም ደጅ ቆሞ ነበር። ከጥንድ በሬዎቻቸው አንዱ፣ ዳልቻ የሚሉት፣ በዚያው ክረምት ሞቶባቸዋል። ድጎማው ከደረሳቸው በሬ ይገዛሉ፤ ካልደረሳቸው መሬቱ ጦሙን ያድራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ የወንዝ ዳር ገበሬዎች ከበቧቸው። የተናገረላቸው የሸሁ ጎረቤት ይመር ነበር።

«ሸህ ሙዘሚል፣ ሁላችንንም ዝናብ ጠባቂ ብለው ይፈርሙልን። እርስዎም አብረው ይመዝገቡ። የመንግሥት ብር ነው፤ የማን ሐቅ ይነካል?»

«የዳገቶቹስ?»

«ትንሽ ቢቀንስባቸው ነው እንጂ እነሱም ያገኛሉ።»

 ባዶው የዳልቻ ቦታ በሸሁ ዓይን ላይ ድቅን አለ፤ እውነት ለመናገር ልባቸው ከጅሎ ነበር። «አስተግፊሩላህ፤ አላህ ይማረኝ» ብለው ተነሡና ከመስጊዱ ጥግ ቁናውን አምጥተው መሐል አስቀመጡት።

«እፈርማለሁ» አሉ።

የሁሉም ፊት ፈካ።

«ነገር ግን ሸሪዓችን ዝናብ ካበቀለው ከአሥር አንድ፣ ተደክሞና ወጪ ወጥቶ ከጠጣው ከሃያ አንድ ነው የሚለን። ነዳጅ ገዝተን አጠጥተናል ብለን እኔም እናንተም ከሃያ አንድ ሰጠን። በዚህ ቁና ሰፍሬ የተቀበልኩ እኔ ነኝ። ማሳችን ዝናብ ጠባቂ ከነበረ የሚስኪኑ ግማሽ ሐቅ በየጎተራችን ቀርቷል። አስቀድመን እሱን እናምጣ።»

ሰዉ አንገቱን ደፋ። ይመር ብቻ ተቆጣ።

«በሬ ሞቶብዎት ይህን ይላሉ? እስቲ ማን እንደሚያርስልዎ እናያለን!» ብሎ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

በማግስቱ ሸሁ ከመዝጋቢው ፊት ቀድመው ቀረቡና የራሳቸውን ማሳ «በፓምፕ የጠጣ» አሰኝተው አስጻፉ። ሌሎቹም እግራቸውን እየጎተቱ ተከተሏቸው። ድጎማው ሳይሸራረፍ ዳገት ወጣ።

የእርሻ ወራት ደረሰ። የጎረቤቱ መሬት ሁሉ ሲገለበጥ የሸሁ ማሳ አረም ለበሰ። ባለቤታቸው ሞሚና «በምን ልናርስ ነው?» ሲሏቸው «አላህ ያውቃል» ይሉ ነበር። ተጨንቀው ነበር።

አንድ ማለዳ ይመር በሬውን እየነዳ፣ በትከሻው ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ከረጢቱን ከእግራቸው ሥር አወረደው።

«የማሳዬ ራስጌ ላይ የፓምፑ ቱቦ አይደርስም ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ያቺ የበቀለችው የዝናብ ናት። እኔ ግን ሁሉንም ከሃያ አንድ ብዬ ሰጠሁ። ቁናውን ካየሁት ወዲህ እህሉ አልዋጥልህ አለኝ፤ የሚስኪኑ ይኸው። የእኔን አርሼ ጨርሻለሁና በሬዬንም ከበሬዎ ጋር ያቀናጁት። አውፍ ይበሉኝ።»

ሸሁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አውፍ ብያለሁ» አሉት። «ልጄ፣ ማሳ አንድ ነው፤ ለአላህ ሌላ፣ ለመንግሥት ሌላ ስም አናውጣለት።»

ወገኖቼ፣ ዘካ ሲሰፈር ድሃ፣ ሠርግ ሲደገስ ሀብታም፣ ድጎማ ሲመጣ ደግሞ ተመልሰን ድሃ የምንሆን ስንቶች ነን? ሸህ ሙዘሚል ማንንም ሌባ አላሉም። ሰዉ ራሱ የሰጠውን ቃል አስታወሱት፤ ይመርም ማንም ያላየበትን ጉድለት ከጎተራው አውጥቶ ተሸክሞ መጣ። አላህ በሁሉም መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ሰው ያድርገን።