የአረንጓዴው ሐይቅ ጥጋብ

በደንገል የተከበበው ሐይቅ ንጉሥ ጉማሬ ነበር። የአገዛዙ ሥርዓት ቀላል ነው። ንጉሡ ሌሊቱን በየዳሩ ሣር ሲግጥ ያድርና ንጋት ላይ ወደ ውሃው ገብቶ፣ በጅራቱ እያራገበ፣ ለሕዝቡ የሚያድለውን ያድላል። ከሆዱ የወጣውን በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ ዓሦቹ «ችሮታ» ይሉታል። በችሮታው አልጌ፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ተክል፣ ይበቅላል፤ አልጌውን የውሃ ቁንጫዎችና የዓሣ ጫጩቶች ይበላሉ፤ እነሱን ደግሞ ትልልቆቹ ይበሏቸዋል።

የሀገሩ ጥጋብ የሚለካው በንጉሡ ጥፍር ነበር። በየዓመቱ በጉባኤው ቀን ንጉሡ ውሃው መሐል ይቆምና ቁልቁል ያያል፤ ከአረንጓዴው ብዛት የተነሣ የእግሩ ጥፍር ካልታየው ሐይቁ ጠገበ ተብሎ ይታወጃል። ጥፍሩን ካየ ብዙ ዓመት አልፎታል። ቦርጩ በየዓመቱ ወደ ፊት እየገፋ መምጣቱን ግን በልኬቱ ውስጥ ያስገባ ባለሟል አልነበረም።

ሌላም ልማድ አለ። ቆሮሶ የሚባሉት ዓሦች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በአፋቸው ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ወጣ ብለው ይበላሉ፤ ኮሽ ሲል ሮጠው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። የንጉሡ አማካሪ፣ ሪዘ ረጅሙ አምባዛ፣ ጉባኤው ሁልጊዜ በዚህ ወቅት እንዲጠራ አድርጎ ነበር። «የሚቃወም ይናገር!» ይባላል። ከተሰብሳቢው የሚበዙት እናቶች ናቸው፤ እናቶቹም አፋቸው ሞልቷል። ስለዚህ አዋጅ ሁሉ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። አምባዛ ይህን የሕዝቡ ብስለት ነው ይለው ነበር።

ደብሪቱ የምትባል አንዲት ቆሮሶ ባለፈው ዓመት የፈለፈለቻቸው ልጆች አንድም ሳይተርፍ አልቀውባታል። በረሃብ ቢሆን ባልገረማት። ከጠዋት እስከ ማታ ሲበሉ ይውላሉ፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ግን አያድጉም። ጅራታቸው ይዝላል፤ ወገባቸው ይጎብጣል። በመጨረሻ አንጀቷ ቢያርርባት አምባዛ ጉድጓድ ድረስ ወርዳ፣ «አባባ፣ ልጆቼ እየበሉ አለቁ። ምን በድዬ ነው?» አለችው።

አምባዛ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ምንም አልበደልሽም። አልጌ በደህና እንዲያድግ ሁለት ነገር በልክ በልኩ ይፈልጋል። አንዱ ከንጉሡ ችሮታ በገፍ ይመጣል። ሌላው፣ አጥንት የሚሠራው ጨው፣ ከወንዙ ቀይ ደለል ጋር ነበር የሚገባው። ንጉሡ ደግሞ ደለሉ ገላዬን አቆሸሸው ብለው የወንዙን አፍ በደንገል አስደፈኑት። ስለዚህ አልጌው መብዛቱን ይበዛል፤ ውስጡ ግን ጎዶሎ ነው። ልጆችሽ የቱንም ያህል ቢውጡ፣ ከሌለበት ከየት ያምጡት?»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

«ነግሬስ ማን ሊያኖረኝ? ደግሞ ልጄ፣ እኔ የምኖረው ከታች ነው። የድሮው ደለል እኔ ዘንድ ገና አላለቀም።»

የዘንድሮው ጉባኤ ሲጠራ ደብሪቱ አዲሶቹን ልጆቿን በአፏ ይዛ መጣች። ራሳቸውን የሚችሉበት ጊዜ አልፏል፤ እነሱ ግን አሁንም እንደ እርጥብ ክር ሲተጣጠፉ ላንቃዋ ላይ ይሰማታል። ፈራች። ብትናገር በዚያ ሁሉ ትልልቅ ዓሣ ፊት ይበተኑባታል። ዝም ብትል እንደ ታላላቆቻቸው ሆዳቸውን ነፍተው ያልቃሉ።

ንጉሡ መሐል ቆሞ ቁልቁል አየ። «ምንም አይታየኝም!» አለ። የክንፍ ጭብጨባው ቀለጠ።

«ክቡራንና ክቡራት፣» አለ አምባዛ፣ «ዘንድሮም ጥጋባችን ዐይን የሚጋርድ ሆኗል። በመሆኑም የወንዙ አፍ እስከ ዘለዓለሙ እንደተደፈነ እንዲቀር፣ ችሮታውም እጥፍ እንዲሆን አዋጅ ቀርቧል። የሚቃወም ይናገር!»

አምባዛ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«እንግዲህ በሙሉ ድምፅ...»

ደብሪቱ አፏን ከፈተች። ልጆቿ ወጡ። መዋኘት ስላልቻሉ ፊቷ ላይ ተንሳፈፉ።

«ወንዙን ክፈቱልን፣» አለች። «ልጆቻችን ጠግበዋል፤ አጥንት ግን የላቸውም። እዩአቸው! የኔ ብቻ አይደሉም፤ የሁላችንም እንዲሁ ናቸው።»

ንጉሡ አፍንጫውን ወደ ጫጩቶቹ አስጠጋና ፊቱ በደስታ በራ። «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው! እጅ ሲነሡ አያችሁ? የድሮዎቹ ጀርባቸው አልታጠፍ ብሎ ስንት አስቸግረውኛል። አምባዛ፣ ይህንንም ከጥጋቡ ውጤቶች አንዱ ብለህ አስገባው።»

«ገብቷል፣ ግርማዊ ሆይ፣» አለ አምባዛ፤ ደብሪቱን ግን ቀና ብሎ አላያትም።

እሷም አልሰማቻቸውም። አፏን በሰፊው ከፍታ «ኑ፣ ግቡ፣ ቶሎ» ትላለች። ጥቂቶቹ እየተንፏቀቁ ደረሱላት። የቀሩት ጅራታቸውን አነሣ አደረጉና፣ ዐይኗ እያየ፣ በአረንጓዴው ውስጥ ወደ ታች ሰመጡ። ማንም አልበላቸውም፤ ሰውነታቸው ላይ የሚበላ ነገር አልነበረም።

«ጉባኤው ተፈጽሟል፤ መበተን ይቻላል፣» አለ አምባዛ።

የተበተነ የለም። እናቶቹ ሁሉ ባሉበት ቆመው፣ አፋቸው ውስጥ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ በምላሳቸው ይዳስሱ ነበር። ከዚያ ከወደ ኋላ፣ የደብሪቱ ጎረቤት ስመኝ አፏን ከፈተች።