ጃኬት የለበሰው ቦቴና የይርገዱ በርበሬ

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ጸጉር የምትሠራው አይናለም ናት። ለአይናለም የነገረቻት ደግሞ ሰናይት ራሷ ናት፣ የሰርጓ ዋዜማ ጸጉሯን ስትሠራ። ሙሽራ ጸጉሯ ተይዞ መነሳት ስለማትችል የእናቷን ጉድ ሁሉ እዚያው ወንበር ላይ ዘርግፋዋለች። እኔ የጨመርኩበት ትንሽ ነው፤ እሱንም በአጥሬ ቀዳዳ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

የሰናይት እናት ይርገዱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀሐይ። ለልጇ ሰርግ ሠላሳ ኪሎ ዛላ በርበሬ አስመጣች፣ ቀነጠሰች፣ አጠበች። የታጠበ በርበሬ ደግሞ ቶሎ ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል፤ የሻገተ በርበሬ የገባበት ወጥ አማቾች ፊት ቢቀርብ ሙሽራዋ እስክታረጅ ይወራል። የይርገዱ ግቢ ጠባብ ነው፣ ቆርቆሮው ሁሉን ይጋርደዋል። ፀሐይ የሚያገኘው በሯ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ሜዳ ብቻ ነው። በማለዳ ሸራዋን ተሸክማ ብትወጣ፣ ሜዳው ላይ የሬንጅ ቦቴ ቆሟል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጭ ላሜራ የተጠቀለለ፣ ጥላው ደጃፏ ድረስ የተዘረጋ። ሌላ ሰው ደጅ ወስዶ ማስጣት ደግሞ የሰፈሩን ፍየል በሙሉ መጋበዝ ነው።

በርበሬው አልደርቅም አለ፣ ቦቴው አልሄድም አለ።

የቦቴው ሾፌር ንጋቱ ነው፣ ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ። ልብሱን ሊያሳጥብ ለአንድ ቀን ብሎ ነው ያቆመው። ይርገዱ በሩን አንኳኳች። በፒጃማ ወጣ፣ በቀትር።

«ንጋቱ፣ ይሄን ነገርህን ንዳልኝ። ካልነዳህ ቦቴው አይሄድም፣ ቦቴው ካልሄደ በርበሬዬ አይደርቅም» አለችው።

ንጋቱ የቦቴውን ፊት አሳያት። ታርጋው የለም። የዓመት ምርመራው ጊዜ አልፎበት ትናንት ማታ ትራፊኮች ፈትተው ወስደውታል፤ መርማሪው ሚልኬሳ ካልፈረመ አይመለስም። አንድ ሁለት ክንድ ብቻ ሳብ አድርገው ብትለው፣ ትራፊኮቹ ማዶ ቆመው እያዩት ነው፣ ጎማ ከዞረ መንጃ ፈቃዱም ታርጋውን ተከትሎ ይሄዳል አላት። ከዚያ ተመልሶ ተኛ። ይህን እንኳ አይናለም አልነገረችኝም፤ ሲያንኮራፋ ሰምቼዋለሁ።

በርበሬው አልደርቅም አለ፣ ቦቴው አልሄድም አለ፣ ንጋቱ አልነዳም አለ።

ይርገዱ ጃንጥላዋን ይዛ መናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የምርመራ ቢሮ ሄደች። ሚልኬሳን ኢንጂነር ይሉታል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል፣ ይህን ጠላቱም አይክደውም።

«ኢንጂነር፣ ይፈርሙልኝ» አለችው። «ካልፈረሙ ንጋቱ አይነዳም፣ ንጋቱ ካልነዳ ቦቴው አይሄድም፣ ቦቴው ካልሄደ በርበሬዬ አይደርቅም።»

ሚልኬሳ በርበሬ በምርመራ ደንብ ውስጥ የለም አላት። ያለው ይህ ነው፤ የቦቴ ሆድ በየዓመቱ ከውጭ ይታያል፣ ዝገት አለው ወይ፣ ስንጥቅ አለው ወይ ተብሎ። የንጋቱ ቦቴ ግን አይታይም፣ ጃኬት ለብሷል። ሬንጅ ከቀዘቀዘ ስለማይፈስ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ ሆዱን በፋይበር ጠቅልለው በላዩ ላሜራ አልብሰውታል። «እኔ ያላየሁትን አልፈርምም። ጃኬቱ ይውለቅና እመጣለሁ» አለ።

በርበሬው አልደርቅም አለ፣ ቦቴው አልሄድም አለ፣ ንጋቱ አልነዳም አለ፣ ሚልኬሳ አልፈርምም አለ።

ከዚያ ወደ ኸይረዲን ጋራዥ። ኸይረዲን በያጅ ነው፣ ያንን ጃኬት ያለበሰውም እሱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ እንደ ልጁ ይሳሳለታል።

«ኸይረዲን፣ አውልቅልኝ። ጃኬቱ ካልወለቀ ሚልኬሳ አይፈርምም፣ ሚልኬሳ ካልፈረመ ንጋቱ አይነዳም፣ ንጋቱ ካልነዳ ቦቴው አይሄድም፣ ቦቴው ካልሄደ በርበሬዬ አይደርቅም።»

ኸይረዲን ከት ብሎ ሳቀ። ጃኬቱ ሸሚዝ አይደለም፣ ቁልፍ የለውም፤ አራት መቶ የሪቬት ሚስማር ነው የመታበት። ሙሉውን ከገሸለጠው ላሜራው ይቀደዳል፣ ፋይበሩ ይበተናል፣ መልሶ ለማልበስ አንድ ወር ይፈጃል። «አንድ ላሜራ ቢሉኝ ለእርስዎ ስል እከፍታለሁ፣ የት እንደሆነ ያሳዩኝ» አላት። የት እንደሆነማ ማን ያውቃል።

ሚልኬሳ ይህን ሲሰማ ደንቡን ገለጥ አደረገ። ከውጭ ካልታየ ከውስጥ ይታያል ይላል፤ ሰው በላይኛው አፍ ይገባል፣ በባትሪ ያያል። ራሱ መጥቶ አፉን ከታች ሆኖ ተመለከተው፣ ከዚያ የራሱን ሆድ ተመለከተ። ንጋቱን ላኩት። ይህ አሮጌ ቦቴ ነው፣ አፉ የድስት ክዳን ታክላለች። የንጋቱ ራስ ገባ፣ ትከሻው ቀረ፤ ከዚያ ራሱም አልወጣም አለ። ይርገዱ አንገቱን በምግብ ዘይት አሽታ ነው የጎተተችው። ሦስት ቀን ሙሉ ኑግ ኑግ ሲሸት ነበር።

በርበሬው አልደርቅም አለ፣ ቦቴው አልሄድም አለ፣ ንጋቱ አልነዳም አለ፣ ሚልኬሳ አልፈርምም አለ፣ ጃኬቱ አልወልቅም አለ፣ አፉ አላስገባም አለ።

«እንግዲህ አንድ መንገድ ቀርቷል» አለ ሚልኬሳ። ከውጭ ካልታየ፣ ከውስጥም ካልተገባ፣ ቦቴው በውሃ ተሞልቶ በግፊት ይፈተሻል። ውሃውን ከያዘ ይዟል፤ ካፈሰሰ አፍሷል። ይርገዱ ለምን እንዲህ እንደሚጨክን ጠየቀችው። እሱም ያን ጊዜ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ ይሄ የሚጭነው የፈላ ሬንጅ ነው፣ መንገድ ላይ ቢተረተር ከሥሩ ያለ ሰው አጥንቱ አይገኝም አላት። ንጋቱ ዘይት ያለበትን አንገቱን ዳበሰ።

ውሃ ያለው ቦኖው ጋ ነው፣ መንገዱ ማዶ። የቦኖው ቁልፍ ደግሞ ድንቅቱ ቀበቶ ላይ። ድንቅቱና ይርገዱ ከአምና ጀምሮ ሰላምታቸው በአገጭ ነው፤ የእድር ድስት ማን አሳረረው በሚል። ማን እንዳሳረረው አውቃለሁ፣ ግን አሁን ሌላ ጠብ አልፈልግም።

ይርገዱ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ሄደች። «ድንቅቱ፣ እባክሽ ውሃ ቅጂልኝ። ውሃ ካልቀዳሽ ቦቴው አይፈተሽም፣ በአፉ እንዳይገቡ አፉ አያስገባም፣ ጃኬቱ እንዳይወልቅ ኸይረዲን አይገሸልጥም፣ ሳይፈተሽ ሚልኬሳ አይፈርምም፣ ሚልኬሳ ካልፈረመ ንጋቱ አይነዳም፣ ንጋቱ ካልነዳ ቦቴው አይሄድም፣ ቦቴው ካልሄደ በርበሬዬ አይደርቅም።»

ድንቅቱ ጆሮዋን በቁልፍ እየኮረኮረች እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«አይ አንቺ» አለች። «ያን ሁሉ ሰው አልፈሽ ነው እኔ ጋ የደረስሽው? እኔ ዘንድሮ በርበሬ አልገዛሁም። ያንቺን በአጥር አይቼዋለሁ፣ ደም ይመስላል። ከእሱ አንድ ቁና አምጪልኝና ሰልፉ ሲያልቅ የውሃ ጎማውን ልዘርጋልሽ።»

«አሁኑኑ ላምጣልሽ።»

«ደርቆ ነው እንጂ። እርጥብ ምን ያደርግልኛል፣ ሻጋታ ልሰብስብ?»

በርበሬው አልደርቅም አለ፣ ቦቴው አልሄድም አለ፣ ንጋቱ አልነዳም አለ፣ ሚልኬሳ አልፈርምም አለ፣ ጃኬቱ አልወልቅም አለ፣ አፉ አላስገባም አለ፣ ድንቅቱ አልቀዳም አለች፣ ድንቅቱ እንዳትቀዳም በርበሬው አልደርቅም አለ።

ይርገዱ ከተነሳችበት ደጃፍ ተመልሳ ደረሰች። በርበሬውን ብታሸተው መታፈን ጀምሯል። ሰናይት በር ላይ ቆማለች፤ አማቿ መጥታ ስለ ወጡ ጠይቃ መሄዷን ፊቷ ይናገራል። ይርገዱ ጥላው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ቦቴውን ሽቅብ አየችው፣ ልትረግመው።

ላዩ ላይ የኔ ድመት ተኝታለች። ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ፣ አራት እግሯን ዘርግታ። ያቺ ሰነፍ ድመት ከማለዳ ጀምሮ እዚያ ናት። ቦቴው ፀሐዩን አልበላውም፤ ተሸክሞት ነው የቆመው።

ይርገዱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ በርበሬውን በማዳበሪያ ሞላች፣ በቦቴው መሰላል ወጣች። ንጋቱ በፒጃማው ሮጦ መጣ።

«እትዬ ይርገዱ፣ ኧረ ይውረዱ። ይሄ አደገኛ ጭነት የሚጫንበት ነው።»

«ባዶ አይደለም እንዴ? አደገኛው አሁን እኔ ነኝ። ማዳበሪያውን አቀብለኝ።»

አቀበለ። ሌላ ምን ያደርጋል። ሸራው በጃኬቱ ጀርባ ላይ ተዘረጋ፣ ሠላሳውም ኪሎ ተሰጣ። ላሜራው ከላይ እንደ ምጣድ ግሎ፣ በሦስተኛው ቀን ዛላው በእጅ ሲነካ ይንኳኳ ጀመር። ድመቷ ግን አስነጥሷት ወረደች፣ ከዚያ ወዲህ ይርገዱን አታያትም።

አንድ ቁና ለድንቅቱ ሄደ። ድንቅቱ አንዷን ዛላ በጥርሷ ሰበረች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳለች፣ ጥሩ ነው አለች። ጎማው ተዘረጋ። ቦቴው እስከ አፉ ሞላ። ኸይረዲን አፉን ከደነ፣ የእጅ ፓምፑንና ግፊት የሚለካውን ጌጅ አምጥቶ አሰረ። ሚልኬሳ ወንበር አስወጥቶ ጌጁ ፊት ተቀመጠ፤ መርፌው አሥር ደቂቃ ካልተንቀሳቀሰ ቦቴው አልፏል።

መርፌው ሦስት ደቂቃ ቆመና መውረድ ጀመረ።

ሚልኬሳ አንድ ቦታ እየለቀቀ ነው አለ። የት? ከሥር ጠብታ የለም። ከጎን ጠብታ የለም። ጃኬቱ ሁሉን ደብቆታል። እንግዲያስ ሙሉው ጃኬት መውለቁ ነው፤ አንድ ወር ማለት ነው። ኸይረዲን ራሱን ያዘ። ንጋቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ይርገዱ ግን የሰው ሐዘን ቆማ የምታይ ሴት አይደለችም፣ የቀረ በርበሬዋን ልትሰበስብ መሰላሉን ወጣች። ጥቂት ቆይታ ከላይ ድምፅ መጣ።

«ማን ነው በርበሬዬ ላይ የሸናው?»

ሁሉም ወደ ድመቷ ዞሩ። ድመቷ አጥር ላይ ናት። ሚልኬሳ ከወንበሩ ተነሳ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይለምኑት መሰላል ወጣ፣ ሆዱን በየደረጃው እያሳረፈ። አፉ አጠገብ፣ ሁለት ላሜራ የሚጋጠምበት ላይ፣ አንድ ትሪ የሚያህል ቦታ ሸራውም በርበሬውም ርሷል። ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው። እጁን ከሥሩ ሰደደ፤ ቀዝቃዛ ውሃ።

«ኸይረዲን፣ ይቺን አንዷን ላሜራ ብቻ ክፈት» አለ።

ከሥሯ ጣት የምታህል ስንጥቅ ተገኘች፣ የአፉ አንገት ብየዳ ላይ። ሚልኬሳ አያትና ለንጋቱ ቀስ ብሎ «ይቺ ከነፈላ ሬንጇ መንገድ ላይ ብትከፈት፣ አንተን በአንሶላ ነበር የምንሰበስብህ» አለው። ንጋቱ ሄዶ ልብስ ለበሰ።

የራሰው በርበሬ ስንጥቁን አሳየ፣ ስንጥቁ ጃኬቱን አስከፈተ፣ ውሃው ጎደል ተደርጎ ኸይረዲን በየደ፣ ድንቅቱ የጎደለውን ደግማ ቀዳች፣ መርፌው አሥር ደቂቃ እንደ ዘበኛ ቆመ፣ ሚልኬሳ ፈረመ፣ ታርጋው ተመለሰ፣ ውሃው አስፋልቱ ላይ ተለቆ የሰፈሩን አቧራ አበረደ፣ ሆዱ እስኪደርቅ ሁለት ቀን አፉ ክፍት ዋለ፣ ንጋቱ ነዳ፣ ቦቴው ሄደ፣ ፀሐዩም ይርገዱ ደጅ ላይ ወረደ።

በርበሬው ያኔ ወፍጮ ቤት ነበር። ይርገዱ ባዶው ሜዳ ላይ ቆማ ጥቂት ሞቃ ገባች።

ቦቴው ጎን ላይ የተፈተሸበት ወርና ዓመት ተጽፎበታል። ንጋቱ አሁን ከቀኑ አንድ ወር ቀድሞ ቢሮ ይሄዳል። ኸይረዲን ያቺን አንዷን ላሜራ በብሎን ነው የመለሳት። ድንቅቱና ይርገዱ በአፍ ሰላም ይባባላሉ። ሚልኬሳ ሰርጉ ላይ ሦስት ሳህን በላ። ሰናይት አግብታ ባቱ ከተማ ገባች። ወጡ ትንሽ ሬንጅ ሬንጅ ይላል ያሉ ነበሩ፤ ሳህኑን ሳይጨርስ የመለሰ ግን አልነበረም።