በሚገባኝ ቋንቋ

መንግሥት አርጎብኛ እንዳይጠፋ ነዋሪው ራሱ ዕቅድ ያውጣ ብሎ በአንድ የአርጎባ መንደር ስብሰባ አስጠራ። ከከተማ የመጣው ኃላፊ በአማርኛ ረጅም ንግግር አደረገና እናቶቹን ይወቅስ ጀመር።

"ለልጆቻችሁ በአርጎብኛ ካላወራችሁ ዕቅዱ ምን ይረባል? ጥፋቱ የናንተው ነው!"

አንዲት ምላሳቸው የማያርፍ ባልቴት ተነሱና በአርጎብኛ ረዘም ያለ መልስ ሰጡት። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው ግራ ተጋብቶ፣

"እናቴ፣ እባክዎ በሚገባኝ ቋንቋ ይናገሩ!" አላቸው።

ባልቴቷም ፈገግ ብለው በአማርኛ መለሱለት፤

"አየህ ልጄ፣ ጉዳይ ኖሮን ቢሮ በገባን ቁጥር እንዲሁ እየተባልን ነው ለልጆቻችን አማርኛ ያስለመድናቸው። እንግዲህ ዕቅዱ ላይ መጀመሪያ አርጎብኛ የሚማረው ኃላፊው ነው ብለህ ጻፍልን፤ እኛማ አርጎብኛውን እንችለዋለን።"